«አንድም ብሌድ እንዳታጠፉ» ላለችን ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንዲት የሃርድዌር ባለሙያ ለማመስገን ነው። ስሜ አይጠቀስ ስላለች አልጠቅሰውም። ሥራዋን ሳልናገር ብቀር ግን ይቆጨኛል።

ነገሩ የጀመረው በጩኸት ነው። 16 ብሌድ (ስስ ሰርቨር) የሚይዘው ቻሲያችን፣ ማለትም ሰርቨሮቹ የሚሰኩበት የጋራ ሳጥን፣ አንድ ማታ ፋኖቹ በሙሉ ባላቸው ፍጥነት መሽከርከር ጀመሩ። ከሰርቨር ክፍሉ ውጭ ድረስ ይሰማል። ቻሲውን የምንቆጣጠርበትን የማኔጅመንት ገጽ ብሞክር አይከፈትም። ሰርቨሮቹ ግን ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ከተጠቃሚ አንድም ቅሬታ አልመጣም። ደንግጬ ስሎት 6 (ስድስተኛው መሰኪያ) ላይ ያለውን ብሌድ «እስቲ አጥፍቼ ላብራው» አልኩ። አጠፋሁት። በዚያው ጠፍቶ ቀረ።

ድጋፍ የሚሰጠን ድርጅት በስልክ የብሌዱን ማዘርቦርድ ቀይሩ አለን። ቀየርን። ያው ነው። ቀጥሎ ሙሉ ቻሲው ይቀየር የሚል ምክር መጣ። ወረቀቱ ሊፈረም ሲል አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቆይ፣ አንድ የማውቃት ልጅ አለች» ብሎ ደወለላት።

ገና በስልክ ያለችን «እኔ እስክደርስ አንድም ብሌድ እንዳታጠፉ» ነው። ምክንያቱን ስትመጣ አስረዳችኝ። የቻሲው ማኔጅመንት ሞጁል ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ የራሱ ፕሮሰሰር፣ ሚሞሪና ሶፍትዌር አለው። እሱ ቢታመም በርተው የነበሩት ብሌዶች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የጠፋ ብሌድ ግን ሊነሳ ሲል መጀመሪያ የኃይል ፈቃድ ይጠይቃል። ፓወር ሰፕላዮቹ ይችሉት እንደሆነ አስልቶ የሚፈቅደው ሞጁሉ ነው። ፈቃጁ ከሌለ ብሌዱ ደጅ እንደጠና ይቀራል። ፋኖቹም የጮኹት የሚቆጣጠራቸው በመጥፋቱ ነው፤ መሣሪያው በሙቀት ከሚቃጠል ይጩኽ ተብለው ነው የተሠሩት። እኔ ደግሞ ፋን አዝዤ ነበር!

ስትደርስ መፍቻ አላወጣችም። ላፕቶፕና ሲሪያል ኬብል ብቻ። ከሞጁሉ ጋር አገናኝታ ዝም ብላ ተመለከተች። ሞጁሉ ይነሳል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። በሁለት ውድቀት መካከል ባለችው ትንሽ ጊዜ መጀመሪያ ቅንብሩን፣ ቀጥሎ ሎጉን (ሞጁሉ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን) ወደ ላፕቶፗ ቀዳች።

የሎጉ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ቀኑ ሁሉ 1970 ይላል። እኔ ይሄ የተበላሸ ነው ብዬ ልዘጋው ስል «ቁጠረው» አለችኝ። ለካ ሰዓት የሚያስተካክልለት አገልግሎት አልተሞላለትም፤ ስለዚህ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይጀምራል። ቀኑ ወደ ኋላ የተመለሰበትን ቦታ እየለየን ብንቆጥር 41 ሆነ። 41 ጊዜ ወድቆ ተነስቷል ማለት ነው። ችግሩ የዚያን ማታ አልጀመረም፤ ሎጉን ከፍቶ ያየ ሰው ነው ያልነበረው።

ተጠባባቂ ሞጁል እኮ አለን። ለምን አልተረከበም? እሱን ከወራት በፊት ራሳችን ቀይረነዋል፤ ፈርምዌሩን (ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር) ከዋናው ጋር እኩል ያደረገ ግን የለም። ሁለቱ ስላልተግባቡ ርክክቡ ተዘግቶ ነበር። የታመመውን ነቅላ ተጠባባቂውን ብቻውን አስነሳችው፣ ቅንብሩን መለሰችለት። ጥቂት ቆይቶ ፋኖቹ አንድ በአንድ ረገቡ። ክፍሉ ውስጥ እንደገና በሹክሹክታ ማውራት ተቻለ።

ስሎት 6 ግን አሁንም ጨለማ ነው። ጤነኛ ብሌድ ነቅዬ እዚያ ልሞክር ስል እጄን ያዘችኝ። ባትሪ አብርታ ወደ ውስጥ አየች፣ ከዚያ እኔንም አሳየችኝ። ብሌዶቹ ከኋላ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ሚድፕሌን የምንለው፣ አንድ ፒኑ ተጣሟል። ሌላ ብሌድ ብሰካበት የዚያንም ኮኔክተር ላበላሽ እችል ነበር። ማን አጣመመው? እኔ። ማዘርቦርዱን ቀይረን ስንመልሰው አልገባ ሲለኝ በጉልበት ገፍቼዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነው። የድሮው ማዘርቦርድም ከመጀመሪያው ምንም አልነበረበትም።

የብሌዱን ኮኔክተር በአጉሊ መነጽር ፈትሻ ባዶ ወደነበረው ስሎት 11 አዛወረችው። ተነሳ። ኔትወርኩ ግን አላወቀውም፤ በእኛ ቻሲ የኔትወርክ አድራሻው የሚሰጠው ለስሎቱ እንጂ ለብሌዱ አይደለም። አድራሻውን የያዘውን ፕሮፋይል አብራ አዛወረች፣ አለቀ። ስሎት 6ን አየሩ እንዳያመልጥ በባዶ ሽፋን ዘጋችው። ሚድፕሌኑን ለመቀየር ቻሲው በሙሉ መጥፋት ስላለበት «ዛሬ አይሆንም፣ ቀን ቁረጡለት» ብላ ሄደች።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመሄዷ በፊት ያደረገችውን ሁሉ በተራ ጽፋ ሰጠችን፤ የእኔን ስህተትም አልዘለለችውም፣ ግን ስሜን አልጻፈችም። ባለሙያ ሲመጣ ዕቃ ብቻ ቀያይሮ መሄዱን ለለመድን ሰዎች ይሄ ብርቅ ነው።

ብሌድ ቻሲ ያላችሁና ግራ የገባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ሥራ ላይ ስትሆን ስልክ አታነሳም፣ ስለዚህ አትቀየሟት። እስክትመጣ ደግሞ ምንም አታጥፉ።