ሀዋሳ ላይ "ለስራ ሰው የተዘጋጀ" ሚባለውን ሳይክል ልትገዙ ያሰባችሁ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ

ሰላም ነው ቤተሰብ። ተናድጄ ነው ምፅፈው አልዋሽም፣ ከተንዛዛ ቻሉኝ። የሱቁን ስም አልጠራም፣ እንዲህ ሚሰራው እሱ ብቻ ስለማይመስለኝ ሱቁን ሳይሆን አሰራሩን ብታውቁት ይሻላል። ከሰፈሬ ብቻ ሶስት ሰው "ያንቺን አይነት ከየት ነው ሚገኘው" ብሎ ጠይቆኛል፣ ሳይክሏ ስታዩዋት ታምራለቻ!

እኔ ፋርማሲ ነው ምሰራው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ በር መክፈት አለብኝ፣ ከቤት እስከ ስራ 5 ኪሎ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ጠዋት ጠዋት ባጃጅ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሞልቶ እያያችሁ ያልፋል፣ ባዶ ሲገኝ ደግሞ "ኮንትራት ነው" ይላል። ከተማችን እንደሆነ ሜዳ ናት፣ ታቦር ተራራ ላይ ካልወጣሁ ብሎ ለሚያስቸግር ሰው ካልሆነ ዳገት የለብንም። አባቴም ድሮ ስራ ሚሄደው በሳይክል ነበር። እናም ስድስት ወር እቁብ ጠብቄ ሲደርሰኝ በቃ ሳይክል አልኩ።

ቴሌግራም ላይ ነው ያየሁት። "ኦሪጅናል ሺማኖ፣ አሉሚኒየም፣ ከአውሮፓ የመጣ፣ ለስራ ሰው ካስተማይዝ የተደረገ፣ ቁጭ ብሎ መንዳት ብቻ" ይላል። ፎቶው ላይ ከፊት ቅርጫት አለው፣ ከኋላ እቃ መጫኛ፣ ፓራፋንጎ፣ መብራት፣ ቀሚስ እንዳይዝ የካቴና ሽፋን፣ መሪው ቡናማ ቆዳ ተጠቅልሎበት። የካቴና ሽፋኑን ሳይ አለቀልኝ፣ እኔ ቀሚስ ለባሽ ነኝ፣ "ይሄ ሰው ስለ እኔ አስቦ ነው የሰራው" ነው ያልኩት እመኑኝ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። "ሺማኖ ሳይክል" ሚባል ነገር የለም። ሺማኖ በ1921 (እንደ ፈረንጆቹ) ጃፓን ሳካይ ከተማ የተመሰረተ ድርጅት ነው፣ ሚሰራው የሳይክል ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፔዳል ምናምን ነው፣ የዓሣ ማጥመጃ መዘውርም ይሰራል። ሙሉ ሳይክል ግን እየሰራ አይሸጥም። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ሺማኖ ተፅፎ ካያችሁ የዛች እቃ ስም ነው፣ ፍሬሙን ማን እንደሰራው አይነግራችሁም። ፍሬሙ ላይ በትልቁ ሺማኖ ብሎ ስቲከር የለጠፈ ሰው ግን ሌላ ሚደብቀው ነገር ይኖረዋል ብላችሁ ጠርጥሩ። እኔ ይሄን ያወቅኩት ብሩ ከሄደ በኋላ ነው።

ሱቁ ስሄድ ልጁ እንዴት ያለ ጨዋ መሰላችሁ። "እህቴ ግቢ፣ ውሃ ላምጣልሽ?" ምናምን። ማግኔት አወጣና ፍሬሙ ላይ አስጠጋው፣ አልያዘም። "አየሽ፣ ንፁህ አሉሚኒየም፣ እድሜ ልክሽን አይዝግም" አለኝ። ገረመኝ። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገልኝና "ልክሽ ነው" አለ። ሱቁ ፊት ያለው አስፋልት ላይ ሁለት ጊዜ ዞርኩበት፣ ስታጠፍ የጫማዬ ጫፍ የፊቱን ፓራፋንጎ ይነካል፣ ነገርኩት፣ "ፓራፋንጎው አዲስ ስለሆነ ነው ትለምጂዋለሽ" አለኝ። ይቺን የጫማ ነገር ያዙልኝ እመለስባታለሁ።

ሳይክሉ 28,000፣ ካስተማይዝ የተደረገበት ደግሞ 6,500፣ በድምሩ 34,500 ብር በቴሌብር ላኩ። ደረሰኝ ስል "ደረሰኝ ከፈለግሽ ቫት ይጨመርበታል፣ ምን አስጨነቀሽ የ6 ወር ዋስትና በቃሌ ሰጥቼሻለሁ" አለኝ። በቃሌ! እኔ ደሞ አመስግኜ ወጣሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቀናት ደስ ይል ነበር አልክድም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሀይ ሳትበረታ በሀይቁ በኩል ዞሬ ስሄድ የሆነ ሌላ ሰው ነው የሆንኩት። ጉልበቴን ግን ያመኛል፣ ስላልለመድኩ ነው ብዬ ተውኩት። በአራተኛው ቀን ጎማው ትንሽ ተነፈሰ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ፣ ልጁ የኮምፕሬሰሩን አፍ ቢያደርገው ቢያደርገው አይገባም። ለካ ቫልቩ ቀጭኑ ነው፣ ጫፉ ላይ በጣት ሚፈታ ትንሽዬ ብሎን ያለው፣ የኛ ጎሚስታዎች መንፊያ ደግሞ እንደ መኪናና ባጃጅ ላለው ለወፍራሙ ነው ሚሆነው። አስማሚ ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አለች፣ ርካሽ ነች፣ እሷ ከተገጠመች ያልቃል። ግን ለካስተማይዝ 6,500 የተቀበለ ሰው ይቺን አይነግረኝም?

ሳምንት ሳይሞላኝ ደሞ ኮብልስቶን ላይ እያለሁ የግራ እግሬ ባዶ ሆነ። ፔዳሉ ከነ ጫማዬ ወልቆ ሄደ። ወደቅኩ፣ ምሳ ዕቃዬ ከቅርጫቱ ተስፈንጥሮ ተከፈተ፣ ሽሮዬ ኮብሉ መሀል ፈሰሰ፣ ከኋላ የነበረው ባጃጅ ለትንሽ ነው የሳተኝ፣ ሹፌሩ ወርዶ ሲያነሳኝ "እህቴ ፈጣሪሽን አመስግኚ" አለኝ። ጉልበቴ ተልጧል፣ ቀሚሴ ተቀዷል፣ የካቴና ሽፋኑ ግን ንፁህ ነው።

እየገፋሁ መናኸሪያ አካባቢ ዛፍ ስር ሳይክል ሚሰሩ ትልቅ ሰው ጋ ወሰድኳት፣ ድሮ የአባቴንም ሚሰሩት እሳቸው ነበሩ። ፔዳሉን አዩና "ልጄ ይሄን ማን ነው የገጠመው?" አሉኝ። የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ግራ እየዞረ ነው ሚጠብቀው፣ የቀኙ ደሞ ወደ ቀኝ፣ ለዛ ነው ጫፋቸው ላይ ኤል እና አር ሚፃፍባቸው። የኔው ሻጭ ሰፊ የሴት ፔዳል ብሎ ሁለት የቀኝ ፔዳል ነው የገጠመበት፣ የግራውን በመፍቻ አስጨንቆ በግድ አስገብቶት የአሉሚኒየሙን ጥርስ በልቶታል። ይሄም "ካስተማይዝ" ነው እንግዲህ።

ሰውዬው ግን ፔዳሉ ላይ አልቆሙም። ሳይክሏን ገልብጠው በኮርቻዋ አቆሟት፣ ከጎን ሆነው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩዋት። "እግርሽ ጎማውን ይነካል አይደል?" አሉኝ። እንዴት አወቁ! የፊት ጎማውን ከሁለት በኩል የያዘው ሹካ ወደ ኋላ ተገፍቷል፣ ጎማው ወደ ፔዳሉ ቀርቧል፣ ጫማዬ ሚነካው ለዛ ነው። ከዛ ቅርጫቱን ፈቱ፣ ፓራፋንጎውን ፈቱ፣ መሪው ስር ያለችውን የፍሬም አንገት ካገኙ በኋላ አውራ ጣታቸውን ከስር ባለው ቱቦ ላይ ቀስ እያደረጉ አስኬዱት። ሺማኖ የሚለው ጥቁር ስቲከር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በጥፍራቸው ጫፉን አነሱትና ላጡት፣ ስሩ ያለው ቀለም አብሮ ተነሳ፣ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ስቱኮ እንደ ብስኩት እየተፈረፈረ መሬት ላይ ወረደ። ከስሩ ብየዳ። እንደታኘከ ማስቲካ የተለጠፈ፣ ጎንና ጎኑ ደሞ ፀጉር ምታክል ስንጥቅ ጀምራለች።

"ይሄ አፍንጫውን ተመትቶ ነው" አሉኝ። ሳይክል ከፊት ሲጋጭ ሹካው ወደ ኋላ ይገፋል፣ ያኔ ከአንገቱ ኋላ ያለው የታችኛው ቱቦ ይኮማተራል ወይም ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ያገለገለ ሳይክል ላይ መጀመሪያ ሚታየው እሱ ቦታ ነው። የኔ ደሞ ልክ እሱ ቦታ ላይ ስቲከር፣ ስቲከሩ ላይ ፓራፋንጎ፣ ፓራፋንጎው ላይ ቅርጫት!

"ታዲያ ተበይዷል አይደል እንዴ ጋሼ፣ ምን ችግር አለው?" ስላቸው ሳቁብኝ። ብረት ቢሆን ኖሮ እኔው አስበይድልሽ ነበር፣ ብረት ብየዳ ይችላል አሉ። አሉሚኒየም ግን ፋብሪካው ራሱ ከበየደው በኋላ መልሶ ጥንካሬውን እንዲያገኝ በሙቀት ያክመዋል፣ መንገድ ዳር ሲበየድ በዙሪያው ያለው ይለሰልሳልና እዛው ጎኑ ላይ መልሶ ይሰነጠቃል። ያቺ ማግኔት ትዝ አለችኝ። ያኮራችኝ ማግኔት እኮ ነች የፈረደችብኝ።

ጉልበቴን የሚያመኝም ኮርቻው ከልክ በላይ ዝቅ ስላለ ነው። ኮርቻ ዝቅ ስላለ ሳይክል ልክ አይሆንም። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፣ ፔዳሉ ታች ሲሆን እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት፣ ያ ነው ቁመቱ። ደሞ ኮርቻው ላይ ሳትቀመጡ ሁለት እግራችሁን መሬት አድርጋችሁ ስትቆሙ የላይኛው ቱቦ ሊነካችሁ አይገባም። የኔ ይነካኛል፣ ሳይዙ የኔ አይደለም፣ እሱን ለመሸፈን ነው እስከ መጨረሻ ያወረደልኝ።

ደወልኩለት። ጨዋው ልጅ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የጠበቀኝ። "ፔዳሉን አምጪው እቀይራለሁ" አለ። ፍሬሙ ተበይዷል ስለው ትንሽ ዝም አለና "ዋስትናው የማርሽ ነው እንጂ የፍሬም አይደለም" አለ። ከዛ ደሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ደግሞ ካስተማይዝ የተደረገ እቃ አይመለስም፣ በፍላጎትሽ ነው የተሰራው"። በፍላጎቴ! እኔ ስሄድ ተገጥሞ ነው የጠበቀኝ። መጨረሻ ላይ "እሺ እህቴ 8,000 ጨምሪና ሌላ ልስጥሽ" አለኝ፣ ስልኩን ዘጋሁት።

ገባችሁ አይደል ጨዋታው? ጌጡ መጀመሪያ ስብራቱን ይሸፍናል፣ ኋላ ደሞ መመለስ ሲመጣ "ካስተማይዝ ነው" ተብሎ ምክንያት ይሆናል፣ በሁለቱም በኩል ደሞ ከፋዩ እናንተ ናችሁ።

ህግ የተማረች ጓደኛዬ ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ደረሰኝ አለሽ?" ብላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት እቃ የተሸጠለት ሰው እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል፣ ግን ገዛሁ ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል። እኔ ያለኝ የቴሌብሩ መልእክትና የቴሌግራም ፖስቱ ስክሪንሾት ነው፣ እሱን ይዤ ክፍለ ከተማ ንግድ ፅህፈት ቤት ልሄድ ነው። የምትገዙ ሰዎች ቫቱን ከፍላችሁ ደረሰኝ ውሰዱ፣ የኔ ከሱ በላይ ነው የወጣብኝ።

ከገዛችሁ ባዶውን ግዙ። ቅርጫት የለ፣ ስቲከር የለ፣ መሪ ላይ ቆዳ የለ። "ያለ ጌጥ አሳየኝ" በሉት፣ "ጌጡን ፍታው" በሉት፣ ካልፈታ ውጡ። ኪሎ ሜትር ያህል ንዱት፣ አስፋልት ላይ ብቻ ሳይሆን ኮብል ላይም ግቡበት፣ እጃችሁን ለአፍታ ከመሪው ለቀቅ ስታደርጉት ወደ አንድ በኩል ከሳበ ችግር አለው (ባጃጅ በሌለበት!)። ከቻላችሁ ሳይክል ሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻይ ብትጋብዙት ነው ወጪው። 21 ማርሽ እያሉ ሚያጓጓችሁንም ተውት፣ ከፊት 3 ከኋላ 7 ማለት ነው፣ ግማሾቹ ተደራራቢ ናቸው፣ ሀዋሳ ላይ የኋላው 7ቱ ብቻ ቢኖሩ ይተርፋሉ፣ የፊቱ ሞላ ያለው ሹካም ክብደት ነው ሚጨምረው እንጂ ለኛ መንገድ ወፍራም ጎማ በልኩ ከተነፋ ይበቃል፣ ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተፅፏል።

እኔ አሁን ሰውዬው አሮጌ የብረት ፍሬም አግኝተውልኛል፣ የሴት ነው፣ መሀሉ ዝቅ ያለ፣ ቀሚስ ማያስቸግር፣ ይከብዳል ግን ሜዳ ላይ ማን ያየዋል። መብራቱን፣ የኋላ እቃ መጫኛውንና ያቺን የካቴና ሽፋን ከዛኛው እየፈቱ ይገጥሙልኛል። ሹካውንና ፍሬሙን በመጋዝ ከሁለት እቆርጠዋለሁ ብያቸዋለሁ፣ ማንም መልሶ እንዳይሸጠው።

ዛሬ ጠዋት ቴሌግራም ከፈትኩ፣ አዲስ ፖስት አውጥቷል። "ለስራ ሰው የተዘጋጀ፣ አንድ ብቻ ቀርቷል"፣ በነጭ ቀለም፣ ቅርጫት ያለው፣ ዋጋው 3,000 ጨምሯል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፣ ጥቁሩ ስቲከር እዛው ቦታ ላይ ነው። በውስጥ መስመር "ስቲከሩን አንስተህ ፎቶ ላክልኝ፣ እገዛዋለሁ" ብዬ ፃፍኩለት። አነበበው፣ ብሎክ አደረገኝ።