የጣት ኦክስጅን መለኪያ የልጅን የልብ ጡንቻ ሕመም ይለያል?

ከኮቪድ ወዲህ በየፋርማሲው የምትሸጠው፣ ጣት ቆንጥጣ የምትይዘው የኦክስጅን መለኪያ ጥሩ ዕቃ ናት። የልጁ ልብ ለሚያሳስበው ወላጅ ግን ትልቅ ጉድለት አለባት፦ እሷ ጤነኛ የሚባለውን 97 በመቶ ኦክስጅን እያሳየች የልብ ጡንቻው እየደከመ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያዋ ብርሃን በጣት አሳልፋ የምትለካው ደሙ የተሸከመውን ኦክስጅን እንጂ ልብ የረጨውን ደም አይደለም። ጀሪካኑ መሙላቱን ትናገራለች፤ ስንት ጀሪካን ቤት እንደደረሰ አታውቅም። ጡንቻው ተለጥጦ ሲደክም ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ሳንባ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ነው። ያኔ ዘግይቷል።

ይልቅ የሚጠቅመው ከጎን ያለው የልብ ምት ነው። ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ትኩሳት ሳይኖረው፣ አርፎ እያለ በተደጋጋሚ ከ120 በላይ ካሳየ ሐኪም ይየው። ሲለኩ የቀዘቀዘ እጅ ያሙቁ፤ የጥፍር ቀለም ወይም የጠቆረ እንሶስላ የሌለበትን ጣት ይምረጡ፤ ቁጥሩ እስኪረጋ እጁ አይንቀሳቀስ። ለጨቅላ የአዋቂውን አይግዙ። ትንሿ ጣት መቆንጠጫውን ስለማትሞላ ብርሃኑ በጎን ያመልጣል፤ ለእሱ የሚሆነው እግር ላይ የሚጠመጠመው ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ ልታሳይ ትችላለች።

ዋናዎቹን ምልክቶች የሚያየው ዓይን ነው። ሕፃኑ ጡት ጀምሮ ቶሎ ቶሎ እያቋረጠ ያለከልካል? ሲጠባ ግንባሩን ያልበዋል? ኪሎ አልጨምር ብሏል? ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ከ2 ወር በታች 60፣ እስከ ዓመቱ 50፣ እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ፈጣን ነው። በትልልቆቹ ላይ የሚያሳስተው ሆድ ነው። ልቡ ሲደክም ጉበትና አንጀት ደም ስለሚቋጥሩ ልጁ ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፤ አሜባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባለ መድኃኒት ይቀያየርለታል። ጋደም ሲል የሚብሰው ሳልም አስም ይባላል። መድኃኒቱ ካልሠራ የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ፣ ይጠይቁ፤ የጡንቻውን ውፍረትና አረጫጨት የሚያሳየው እሱ ነው።

እየሮጠ ሳለ ራሱን ስቶ የወደቀ ልጅ ሲነቃ መለኪያዋ ምንም እንከን አታሳይም። አትመኗት፤ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) እና ኢኮ እስኪነሳ ሩጫም ኳስም ይቁም። በቤተሰቡ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለም ሳይጠየቁ ለሐኪሙ ይንገሩ።