ክረምቱን ተቀምጦ የከረመ የውሃ ፓምፕ አልነሳ ሲል፦ በድሬዳዋና በሐረር ያሉ የጥገና አማራጮች ንጽጽር

በሐረማያና በዙሪያው ጫትና አትክልት በመስኖ የሚያለማ ሰው ዝናቡ ሲጠና ፓምፑን ከጉድጓዱ ዳር አንሥቶ ጓዳ ያስገባዋል፤ መስከረም አልቆ መሬቱ መድረቅ ሲጀምር መልሶ ያወጣዋል። በእነዚያ ወራት ማንም ያልነካው ሞተር ገመዱ ሃያ ጊዜ ቢሳብም አልነሳ ሲል ባለቤቱ መጀመሪያ ባገኘው መኪና ጭኖት ወደ ከተማ ይወርዳል፤ የሚወስደውንም ቦታ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ለመናኸሪያው ባለው ቅርበት ነው። እኔ ከአጎቴ ፓምፕ ጋር ለተከታታይ ዓመታት ይህንኑ መንገድ ስለተመላለስሁበት፣ ያየኋቸውን ሦስት ዓይነት ጥገና ቤቶች ማለትም የሻጩን ጥገና ክፍል፣ የባጃጅና የሞተር ሳይክል መካኒኩን፣ እንዲሁም ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ያለውን ወርክሾፕ አነጻጽራለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ተቀምጦ ለከረመ የቤንዚን ሞተር ደኅና የባጃጅ መካኒክ በቂ ነው፤ የናፍጣ ሞተርን ግን ወደዚያ መውሰድ ገንዘብ መበተን ነው።

ከማንም ደጅ ከመቆም በፊት ግን ሞተሩ በመቀመጡ ብቻ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ቶሎ የሚተነው ክፍሉ ይሄድና የቀረው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይሠራል፤ ይህም ዝቃጭ ቤንዚኑን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ከመርፌ ዓይን የጠበቡትን የነዳጅ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ስለዚህ አሮጌውን ቤንዚን ከታንከሩም ከካርቡሬተሩ ሥር ካለችው ጽዋም መድፋትና አዲስ መሙላት፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቶ ማየት፣ ዘይቱን መለካት በቤት የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ብዙዎቹ የሆንዳ ጂኤክስ 160 ሞተሮችና በእነሱ አምሳል የተሠሩት የቻይና ሞተሮች ዘይት ሲያንስ የካንዴላውን ብልጭታ የሚቆርጥ መሣሪያ አላቸው፤ ሞተሩ ተዳፋት ላይ ከተቀመጠም ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ያው መሣሪያ ሊያታልል ይችላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ከሐረማያ ድሬዳዋ ድረስ ተጭኖ የወረደ ፓምፕ የጋራዡ ደልዳላ ወለል ላይ እንደተቀመጠ በአንድ ስበት ሲነሳ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ የተሰማው ደስታ ይሁን እፍረት ከፊቱ መለየት አልተቻለም።

የሻጩ ጥገና ክፍል ዋና ጥቅሙ ዋስትናው ነው። ዋስትናው ሳያልቅ ሌላ ሰው ሞተሩን ከከፈተው መብቱ ሊቀር ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ላለ ፓምፕ ሌላ ቦታ ማሰብ አያስፈልግም። ዋስትናው ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እንዲህ ያሉት ቤቶች የተደፈነውን ከማጽዳት ይልቅ ሙሉውን ዕቃ መለወጥ ይቀናቸዋል። አንድ ዓመት ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ የአጎቴን ካርቡሬተር በአዲስ ለውጦ ሙሉ ዋጋ አስከፈለ፤ አሮጌውንም አልመለሰም። በሁለተኛው ሳምንት ሞተሩ እንደገና ጠፋ፤ ምክንያቱም ችግሩ ከታንከሩ ግርጌ የተኛው ዝገት ነበር፤ አዲሱንም ካርቡሬተር ያው ዝገት ደፈነው። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም መካኒክ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ታንከሩን ታጥበዋለህ ወይ የሚል ሆኗል።

የባጃጅ መካኒኮች በድሬዳዋ ከሳቢያን እስከ መጋላ በየመንገዱ ዳር ይገኛሉ፤ ካርቡሬተር መፍታትና መግጠም ለእነርሱ የዕለት ሥራ ነው። አንደኛው ሥራውን የጀመረው በጥያቄ ነበር። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይለመድ ስልሳ ዓመት ያለፈውን አጎቴን «አቦ፣ ቤንዚኑ መቼ የገባ ነው?» አለው፤ አጎቴም «ሰኔ» ሲል ሌላ ምንም ሳይነካ ጽዋዋን ፈትቶ የወጣውን ቤንዚን መዳፉ ላይ አሸተተ። ከዚያ የነዳጁን ቀዳዳ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየና ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዝዞ አሳለፈበት፤ በመጨረሻም በጎማ መንፊያው አየር ነፋበት። መዳብ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀዳዳው የሚሠራው ከነሐስ ስለሆነ የብረት ሽቦ ወይም መሰርሰሪያ ያሰፋዋል፤ ከሰፋ ደግሞ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይጠጣል። ስለዚህ መካኒኩ በብረት ሽቦ ሲጎረጉር ካዩት ሥራውን ያስቁሙት። የእነዚህ መካኒኮች ጉድለት ደረሰኝ አለመስጠታቸውና የሚገጥሙት መለዋወጫ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማስቸገሩ ነው፤ ካንዴላና ፊልትሮ ከራስዎ ገዝተው ቢሄዱ ይሻላል።

የናፍጣ ፓምፕ ያለው ሰው ከዚህ የተለየ መንገድ አለው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይበላሽም፤ ነገር ግን መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ ሞተሩ አይነሳም፤ አየሩን ማስወጣት ደግሞ መፍቻ የያዘ ማንም ሰው ሊማረው የሚችል ሥራ ነው። አየሩ ከወጣ በኋላም ካልተነሳ ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓና ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጄክተር በመሣሪያ መለካት ስላለባቸው፣ መለኪያውም ቶርኖውም ያለው ወርክሾፕ ግድ ይላል። ድሬዳዋ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች በመሆኗና የባቡሩም ጥገና ወርክሾፖች በውስጧ ስለነበሩ የቶርኖ ሙያ በከተማዋ ሥር ሰዷል። ያረጀ የፓምፕ ዘንግ ተሞልቶ ሲስተካከል ማየት የፈለገ ሰው አንድ ከሰዓት ቆሞ ይመልከት። ጉድለታቸው ወረፋው ነው፤ ትንሽ ሞተር ይዞ የመጣ ሰው ከጭነት መኪና ባለቤት በኋላ ይስተናገዳል፤ ጎመኑና ድንቹ ግን ውሃ እየጠበቁ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ልዩነት ከፍታ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ኃይል ስለሚያጣ፣ አንዱ ፓምፕ ድሬዳዋ ላይ 14 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ሐረር አካባቢ ከ20 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ቆላ ላይ በትክክል የተስተካከለ ካርቡሬተር ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ወጥቶ ደጋ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ባለቤቱም በደንብ አልተጠገነልኝም ብሎ ያማርራል። ስለዚህ መሬቱ ሐረማያ ወይም ሐረር ዙሪያ ያለ ሰው፣ ሥራው ማጽዳትና ማስተካከል ብቻ ከሆነ፣ ሐረር ያለ መካኒክን ቢመርጥ ጉዞውንም ቅሬታውንም ይቀንሳል፤ ለቶርኖና ለናፍጣ ፖምፓ ግን ወደ ድሬዳዋ መውረዱ ያዋጣል። ከፍታው የሚነካው ሞተሩን ብቻ አይደለም፤ ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት ስለሆነ ሐረር ላይ በንድፈ ሐሳብ እንኳ ከ8 ሜትር ብዙም አይዘልም፤ በተግባር ከ6 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ሲያቅተው ጥፋቱ የመካኒኩ አይደለም።

የትኛውንም ቢመርጡ ፓምፑን ውሃ ሲስብ ሳያዩ ገንዘቡን ጨርሰው አይክፈሉ። ሞተሩ ደረቁን ለአፍታ ሲያጓራ ሰምቶ ተደስቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ፓምፑ ያለ ውሃ ሲዞር ውሃ የሚያግደው የዘንጉ ማሸጊያ በግጭት ሙቀት ይቃጠላል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ጉድጓዱ ዳር ነው። አጎቴ አሁን ወደ ጋራዥ ሲሄድ አጭር ቱቦና ባዶ በርሜል አብሮ ይጭናል፤ በርሜሉን ከጋራዡ ቧንቧ ይሞላና ፓምፑ ውሃውን ስቦ መልሶ እዚያው በርሜል ውስጥ ሲተፋ ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ብሎ ያየዋል።