አጠቃቀማቸው የተገደበ ፀረ ተባዮች፦ የራስ ፈቃድ ወይስ በባለፈቃድ ሥር?

አሜሪካ ውስጥ አጠቃቀማቸው የተገደበ ፀረ ተባዮችን መርጨት የሚችለው ፈቃድ ያለው፣ ወይም በባለፈቃድ ቀጥተኛ ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ሰው ነው። የቱ ይሻላል?

ድካምና ወጪ፦ በባለፈቃድ ሥር መግባት ይቀላል። የፈቃድ ፈተና የለም፤ በየዓመቱ ሥልጠና መውሰድ ነው። የራስ ፈቃድ ግን ጥናት ይፈልጋል። ለደንበኛ በክፍያ የሚረጭ ሰው የጽሑፍ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ከዚያም ቢበዛ በየ5 ዓመቱ ያድሳል። ክፍያው እንደየግዛቱ ይለያያል።

ዕድሜ፦ ሁለቱም 18። በቤተሰቡ እርሻ ላይ በባለፈቃድ ወላጁ ሥር የሚሠራ ልጅ ግን በ16 ሊጀምር ይችላል፤ በጭስ መልክ ለሚሠሩ መርዞች ይህ አይፈቀድም።

ነፃነት፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። በባለፈቃድ ሥር ስትሠራ ተቆጣጣሪው ሁሌ አጠገብህ መቆም የለበትም፤ ግን ወዲያው የምትገናኙበት መንገድ ያስፈልጋል። ኔትወርክ የሌለው ማሳ ላይ ይሄ ራስ ምታት ነው። ፓራኳት የተባለውን ፀረ አረም ደግሞ ጭራሽ አትነካውም። መርጨት ብቻ አይደለም፤ መበጥበጡና ታንኩ ውስጥ መጨመሩም የባለፈቃድ ነው። አንድ ጉንጭ ቢዋጥ ሰው ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ ሕጉ ጠበቀ ብሎ ማማረር አይገባኝም።

ለአንድ ወቅት ብቻ የምትሠራ ከሆነ፣ ወይም ሙያውን ገና እየሞከርክ ከሆነ፣ በሰው ሥር መግባት ያዋጣል። ደንበኛ ይዘህ ብቻህን የምትንቀሳቀስ ከሆነ ወይም ፓራኳት የምትጠቀም ከሆነ ግን ለፈተናው ተቀመጥ።