ዞሬ ወደ ኋላ እንዳይ ላደረጉኝ መምህር

እዚህ ዲሲ አካባቢ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 11 ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ዓመት መኪናዬን ወደ ኋላ ላስገባ ዞር ስል ጀርባዬ እምቢ አለኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። "የከፋ ነገር የለም፣ ብዙ መቀመጥ ነው ያደረቀህ፣ ተንቀሳቀስ" አለኝ። ከስልክ ላይ ቪዲዮ አይቼ ራሴን ስጠመዝዝ ደግሞ ወገቤን አሳመምኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ሰፈራችን ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል ቅዳሜ ጠዋት ዮጋ የሚያስተምሩ ህንዳዊት እናት እንዳሉ የሰማሁት። ይሄ ምስጋና የእሳቸው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ተቀምጦ የመዞር እንቅስቃሴ አሳዩን። ስሙ አርዳ ማትስየንድራሳና ይባላል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መጀመር አልፈለግኩም። ጠየቅኳቸው፣ ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። ማትስየንድራ በጥንታዊው የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት "የዓሦች ጌታ" ማለት ነው። እንቅስቃሴው የተሰየመው በአንድ ሰው ስም ነው፤ ሰውየው ከሀታ ዮጋ (በሰውነት አቀማመጥና በትንፋሽ የሚሰራው ዮጋ) ቀደምት መምህራን አንዱ ተደርጎ ይከበራል። በአፈ ታሪኩ ሕፃን ሳለ ዓሣ ዋጠው፤ እዚያው ዓሣው ሆድ ውስጥ ሆኖ የሂንዱ አምላክ ሺቫ ለሚስቱ ለፓርቫቲ ዮጋ ሲያስተምር ሰማ። "አርዳ" ግማሽ ነው። ሙሉው አንዱን እግር ታፋ ላይ አውጥቶ ስለሚሰራ ለጀማሪ አይሆንም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ የሚባል የዮጋ መጽሐፍም ያነሳዋል፤ የሆድን እሳት ያነዳል፣ ምግብ ያስፈጫል ይላል። "አንተ ለጀርባህ ስራው" አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ጸሎትም ዝማሬም የለም።

ስህተቴን ወዲያው ነው ያዩት። የወገብ አጥንት ብዙ አይዞርም። የሚዞረው ከጎድን አጥንት ጋር የተያያዘው የላይኛው ጀርባ ነው። እኔ ግን ወገቤን ነበር የማስገድደው። የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጡኝ። ግራ እግሬን አጠፍኩ፤ ቀኙን በግራ ጉልበቴ ላይ አሻግሬ መሬት አስረገጥኩ። ቀኝ እጄ ከኋላዬ፣ ግራ ክርኔ ከቀኝ ጉልበቴ ውጭ። አየር ስስብ ቀና፣ ሳወጣ ትንሽ ዞር። "እጅህ አይግፋህ፣ ትንፋሽህ ይውሰድህ" ይላሉ። ከዚያ በሌላው ጎን።

አንዲት ተማሪ "ከሰውነት መርዝ ያወጣል አይደል?" አለቻቸው። "እሱ የጉበትና የኩላሊት ስራ ነው" አሉ። እኔ ያን ቀን ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የዲስክ ችግር ያለበት ሰው ካለ አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ ሌላ እንቅስቃሴ ይሰጡታል።

አራት ወር ሆነኝ። አሁን መኪና ሳቆም ትከሻዬን አዙሬ የኋላውን መስታወት አያለሁ።

ቀኑን ሙሉ መሪ ይዛችሁ ወይም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ የምትውሉ ወገኖቼ፣ ሂዱና እዩዋቸው። ቁርስ ሳትበሉ ሂዱ፣ ብርድ ልብስ ያዙ። ስማቸውን ሳላስፈቅድ አልጽፍም፤ አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ።

መምህሬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ጽሑፍ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ቁጭ ብዬ እተረጉምልዎታለሁ።