ለሙሽሮች፦ የሚያዝያውን ርካሽ የዛንዚባር ሎጅ ከመክፈላችሁ በፊት

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለምትሞሸሩ የጎንደር ልጆችና ለጫጉላ ስጦታ ለምታዋጡ ሚዜዎች፦ በቴሌግራም የሚዞረው የዛንዚባር ጥቅል በዚህ ሰሞን የሚረክሰው በምክንያት ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ማብቂያ ዛንዚባር ላይ ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ይጥላል። እኛ ዘንድ ሚያዝያ ፀሐይ ስለሆነ እዚያም ፀሐይ ይመስለናል። ብዙ ሎጆች በዚህ ወቅት ይዘጋሉ፤ ክፍት የሚቀሩት ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ደላላው ደግሞ በጥር የተነሣ ፎቶ ለጥፎ ይሸጥላችኋል።

የጎጆዎቹ ክዳን ማኩቲ ይባላል፤ የኮኮነት ቅጠል እየታጠፈ በእንጨት ላይ ተሰፍቶ የሚደረደር ነው። አዲስ ሲሆን ቡናማና ወፍራም ነው፤ ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ይሳሳል፣ ያፈሳል። የክፍሉን ጣሪያ ከውስጥ፣ በቀን የተቀረጸ ቪዲዮ አስልኩ። በክዳኑ መሃል የብርሃን ነጠብጣብ ከታየ ዝናቡም በዚያው ይገባል። አጎበሩንም እዩት፦ ጫፉ ፍራሹ ሥር የማይገባ ከሆነ አይረባም። ወባ ዛንዚባር ላይ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ለቀዳዳው መርፌና ክር ያዙ።

ሰው አብዝቶ የሚያዝነው ግን በባሕሩ ነው። ጎርጎራ ወርዶ ጣናን የለመደ ሰው ውሃው ጠዋትም ማታም አንድ ቦታ የሚቆም ይመስለዋል። የሕንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላት እስከ ሽሽት 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያህል ነው፤ በየቀኑም 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። የምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም ፓጄ፣ ጃምቢያኒና ማተምዌ፣ ወለሉ ዝርግ ስለሆነ ውሃው በመቶዎች ሜትር ይርቃል። የሚቀረው እርጥብ አሸዋ፣ የመንደሩ ሴቶች የባሕር አረም እርሻና ባዶ እግርን የሚወጋ የባሕር ጃርት ነው፤ የጎማ ጫማ ያስፈልጋል። ጨረቃ በሞላችባቸውና አዲስ በተወለደችባቸው ቀናት ውሃው የሚሸሸው ደግሞ ከረፋዱ 4 እስከ 5 ሰዓት፣ ልክ ሰው ቁርስ በልቶ ለመዋኘት ሲወጣ ነው። መዋኘት የምትፈልጉ ሰሜን ጫፍ ኑንግዊን ወይም ኬንድዋን ምረጡ፤ እዚያ ሽሽቱ ብዙ አያስቸግርም።

የቀኖቻችሁን የሙላት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ታገኛላችሁ። ሰንጠረዡ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 10:00 ካለ የእኛ 4 ሰዓት ነው። ጀልባ ነጂው ግን እንደኛው ከንጋት ይቆጥራል፤ ጠዋት በስዋሂሊ «ሳ ንኔ» ካላችሁ 4 ሰዓት ማለቱ ነው፣ ስድስት አትደምሩበት።

መብራቱ በሶላር ወይም በጄነሬተር ከሆነ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠይቁ። ሌሊት ቬንቲሌተር ካልዞረ ከጎንደር ብርድ የሄደ ሰው በዚያ ሙቀት አይተኛም። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ሻወሩ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ነው፣ ሳሙና አረፋ አያወጣም።

«ሁሉን ያካተተ» ሲሏችሁ ዝርዝሩን አስጽፉ። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የደሴቲቱን የጉዞ ኢንሹራንስ በ44 ዶላር መግዛት አለበት፤ ለሁለት ሰው 88 ዶላር ነው። ቪዛው፣ ከኤርፖርት እስከ ሎጁ ያለው መኪናና የሚጠጣው ውሃ በማን እንደሚከፈል ይጻፍ። የቢጫ ወባ ካርድም ይጠየቃል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በሠርጉ ግርግር እንዳይረሳ።

ውሉ ላይ «ወይም ተመጣጣኝ ሎጅ» የሚል ካለ አትፈርሙ፤ ፎቶውን ያያችሁትን ትታችሁ ሌላ ቦታ የምትወርዱት በዚያ ሐረግ ነው። ቀብድ ብቻ ክፈሉ፣ የቡኪንግ ቁጥር ተቀበሉ። ከዚያ ሎጁ ጋ ራሳችሁ ደውሉ፤ ቁጥሩን ከደላላው ሳይሆን ከሎጁ ገጽ ውሰዱ። ስማችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው መመዝገቡንና በሚያዝያ ክፍት መሆናቸውን ከራሳቸው አፍ ሳትሰሙ ቀሪውን አታስገቡ።