«ከእንግዲህ አይመጣም» እያለ ቪትዝ የሚሸጥላችሁን ሰው ጠንቀቅ በሉ

100 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልኩ። የተመለሰልኝ 50 ሺህ ነው። የቀረውን 50 ሺህ የዚህ ጽሑፍ ዋጋ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። እናንተ በነጻ አንብቡት።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ሀሳቤ ተራ ቪትዝ መግዛት ነበር። ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ እሁድ እሁድ ዘንዘልማ እናቴ ጋ ትወስደኛለች፤ በቃ። ቤንዚን ለማግኘት ሰልፍ በሚዋልበት ጊዜ ደግሞ ብዙ አትጠጣም። ለደላላውም የነገርኩት ይህንኑ ነው። አንድ ሐሙስ ማታ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ተራውን ተወው። አርኤስ አግኝቼልሃለሁ። ስፔሻል ኤዲሽን ናት። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ አይመጣም።»

አርኤስ የቪትዝ ስፖርቷ፣ ጉልበተኛዋ ናት። ድክመቴን ደርሶበታል ማለት ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የሆት ሃች ሱሰኛ ነኝ። ነድቼ አላውቅም፤ ሱሱ በዩቲዩብ ነው። ለማታውቁት፣ ሆት ሃች ማለት ተራ የቤተሰብ ሃችባክ ሆና ሞተሯ የጎለበተ፣ ሞላዋ የጠነከረ፣ ፍሬኗ ያደገ መኪና ናት። ስሙን ያስጠራው የቮልስዋገኑ ጎልፍ ጂቲአይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዛሬ ይህ ቁጥር ምንም አይመስልም። መኪናዋ ግን 800 ኪሎ ምናምን ብቻ ስለምትመዝን ትበር ነበር። የቪትዝ አርኤስ ጉልበትም 110 አካባቢ ነው። እንግዲህ ደላላው «አርኤስ» ሲል እኔ የሰማሁት ምን እንደሆነ ገምቱ።

ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር አንድ ሻይ ቤት አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ነጭ ናት። ቸርኬዋ ጥቁር ነው። ከጎኗ ቀይ መስመር፣ ከፊትም ከኋላም አርኤስ የሚል ምልክት። በቸርኬው ክፍተት ቀይ ፍሬን ብልጭ ይላል። ካምቢዮው አጠገብ ደግሞ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተለጥፋለች፤ «37/150» ትላለች። ከ150 መኪኖች 37ኛዋ ማለት ነው። ዋጋዋ እሷን ከመሰለች ተራ ቪትዝ በ350 ሺህ ብር ይበልጣል።

እዚህ ላይ በራሴ ልሳቅና ልቀጥል። 150 ብቻ የተሠራች ቪትዝ በእርግጥ አለች። ጂአርኤምኤን ትባላለች። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2018 ለጃፓን ገበያ ያወጣት ናት። ሞተሯ 1.8 ሊትር ከሱፐርቻርጀር ጋር፣ ጉልበቷ 212። በሯ ደግሞ ሶስት ነው፤ ሁለት ከጎን፣ አንድ ከኋላ። ጣና ዳር የቆመችው አምስት በር አላት። ይህን ሁሉ እኮ አውቃለሁ! ስለዚያች መኪና እያወራሁ ታናሽ ወንድሜን ስንቴ አሰልችቼዋለሁ። ሰው የሚመኘውን ሲያይ ግን በር መቁጠርም ያቅተዋል።

ለሙከራ ወደ ቤዛዊት ወጣን። ደላላው፣ የመኪናዋ ባለቤት፣ ወንድሜና እኔ። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሰጠኋት። ጮኸች እንጂ አልሄደችም። ከኋላችን ሰው የጫነ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋብን።

«ይቺ ልጅ አስም አለባት እንዴ?» አለ ወንድሜ።

ደላላው አፍታም አልቆየ። «ከፍታው ነው ወንድሜ! ባሕር ዳር እኮ ከፍታ ላይ ናት።»

ፍጹም ውሸት ቢሆን ኖሮ እነቃ ነበር። ችግሩ ነገሩ እውነት አለበት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር የሚገፋለት ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ትክክለኛ አርኤስ እዚህ ሲደርስ 90 አካባቢ ይቀረዋል። የተራው የ1 ሊትር ቪትዝ 71 ጉልበት ደግሞ ከ60 በታች ይሆናል። እኔ የነዳሁት የትኛውን እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን «ልክ ነህ፣ ከፍታው ነው» ብዬ ራሴው አስረዳሁላቸው።

ከዚያ የተለመደው መጣ። «አንድ ሰው ሊያያት ከጎንደር እየመጣ ነው» አለ ባለቤቱ። እኔም ሰውየው እንዳይቀድመኝ 100 ሺህ ብር በስልኬ አስተላለፍኩ። ከጎንደር የተነሳው ሰውዬ እስካሁን አልደረሰም።

ሰኞ ዕለት ባለቤቱን ለምኜ መኪናዋን አንድ ሜካኒክ ወዳጄ ጋራዥ ወሰድኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ከቀብዱ በፊት ነበር መሄድ የነበረብኝ። ወዳጄ ሞተሩን እንኳ አላስነሳም። ኮፈኑን ከፈተና «ስንት ኮይል ይታይሃል?» አለኝ።

«ሶስት።»

«አርኤስ አራት ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ኮይል ነው። ይሄ የሶስት ሲሊንደር ሞተር ነው።»

ከዚያ በኋላ ጎማው ስር ጎንበስ አለና መሳቅ ጀመረ። ያ የኋላው ቀይ ፍሬን ዲስክ አይደለም። ታምቡሩን በቀይ ቀለም ቀብተውታል። አርኤስ ከኋላም ዲስክ ነው ያለው። «ቀለሙ እንኳ ሳይደርቅ ነው የሸጡልህ» አለ። ቀለሙስ ደርቋል። እሱ ነገር ማጋነን ይወዳል።

የባሰውን ስሙ። የሊብሬው ኮፒ ከቅዳሜ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር። የሻንሲው ቁጥር ኬኤስፒ90 ብሎ ይጀምራል፤ የሞተሩ መጠን 996 ሲሲ ይላል። ለጃፓን ገበያ በተሠሩ ቪትዞች ላይ ይህች የመጀመሪያ ፊደል የሞተሩን ዘር ትናገራለች። ኬኤስፒ ካላችሁ የ1 ሊትሩ ሶስት ሲሊንደር ነው። ሁለተኛው ትውልድ አርኤስ ኤንሲፒ91 ነው፤ ሶስተኛው ትውልድ አርኤስ ኤንሲፒ131። ሁለቱም ወደ 1500 ሲሲ ናቸው። እንግዲህ ሊብሬ ማንበብ የሚችል ማንኛውም ሰው ሻይ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ማወቅ ይችል ነበር። ያሪስ ተብለው በሌላ ገበያ በኩል የመጡት 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ሻንሲ ስላላቸው በዚህ መንገድ አይለዩም። የሲሲውን ቁጥር ግን ሊብሬው ላይ ታገኙታላችሁ። ኮይልና ታምቡር ደግሞ የትም አገር ይቆጠራል።

ብሬን ልቀበል ስሄድ ባለቤቱ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «እኔ አርኤስ ናት አላልኩህም። አርኤስ የሚል ተለጥፎባታል ነው ያልኩህ።» ደላላው መሬት መሬት ያያል። ቀብድ ስከፍል የተጻጻፍናት ወረቀት ላይም ያለው «ነጭ ቪትዝ መኪና» ብቻ ነው። አርኤስ የሚል ቃል የለም። ስፔሻል የሚል የለም። ሲሲ የለም። እንዲህ ባለ ወረቀት ተከራክሮ ማን ይረታል?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ቀብድ የሚለው ግልጽ ነው። ሐሳቡን የቀየረው ቀብድ ሰጪው ከሆነ ገንዘቡ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከሆነ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አንቀጽ 1885 ነው። ማታለል ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውል ያስፈርሳል። ማታለሉን የሚያስረዳ ነገር ግን በእጃችሁ መኖር አለበት። የእኔ ማስረጃ የደላላው የስልክ ወሬ ነው። ሽማግሌ ገባ፣ ቡና ተጠጣ፣ 50 ሺህ ተመለሰ። ስለዚህ ቀብድ ስትከፍሉ፣ ወደ ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁም በፊት ቢሆን፣ ሻጩ በአፉ ያለውን ሁሉ ወረቀቱ ላይ አስጽፉት። «አርኤስ፣ 1500 ሲሲ፣ ይህ ሆኖ ካልተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» በሉ። እውነተኛ ሻጭ ይህን ለመጻፍ አይከብደውም።

ይህን ያህል የምጨቀጭቃችሁ ነገሩ ወደፊት ስለሚብስ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ «ከእንግዲህ አይመጣም» የሚለው ነገር ሐሰት አይደለም። ለዚህ ነው የሚያታልለው። ባለው መኪና ላይ ምልክት እየለጠፉ መሸጥ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

ይህ ወሬ የእኛ ደላሎች ፈጠራ ብቻም አይደለም። አውሮፓም ትልልቆቹ ፋብሪካዎች «የመጨረሻው» እያሉ እየሸጡ ነው፤ የጭስ ልቀት ሕጉ ጠብቆባቸዋል። ሬኖ ሜጋን አርኤስን ሲሰናበት ኡልቲም የሚል ኤዲሽን አወጣ፤ ብዛቱ 1,976። ሞተሩ ግን ቀድሞ በነበረው ትሮፊ በተባለው ሜጋን ላይ የምናውቀው ያው የ300 ጉልበት ሞተር ነው። አዲስ የሆነው ተለጣፊው፣ ቸርኬውና ቁጥር ያለባት ሰሌዳ ነው። ሆንዳም ሲቪክ ታይፕ አርን አውሮፓ ላይ ሲያቆም 40 መኪና ብቻ ለየት አድርጎ ቀባ፤ እዚያም ሞተሩ ያው ነው። ጎልፍ አር 333 የተባለው ጀርመን ውስጥ በ8 ደቂቃ ነው ያለቀው። እሱ እንኳ ትንሽ ጉልበት ተጨምሮለታል።

ከዚያ በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጎልፍ ጂቲአይ ክለብስፖርት ኤስ 400 ብቻ ነበር። የኋላ ወንበሩን አውጥተው፣ ጉልበቱን 310 አድርሰው፣ ኑርበርግሪንግ የተባለው የጀርመን የውድድር መንገድ ላይ በ7 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ አዙረውታል። ስፔሻል ማለት ይህ ነው። ወንበር የሌለው መኪና ለልጆቼ ባይጠቅምም፣ ገዢው ለምን እንደከፈለ ያውቃል። በእኔ ግምት ወደፊት የምናየው ብረቱ እያነሰ ተለጣፊው እየበዛ የሚሄድ ነገር ነው።

ቀጣዩ የኤሌክትሪክ ነው። ሀይንዳይ ቤንዚን የሚጠጡትን አይ20 ኤን እና አይ30 ኤን ከአውሮፓ አውጥቶ እንደ አዮኒክ 5 ኤን ወዳሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ዞሯል። አዮኒክ 5 ኤን ማርሽ ሳይኖራት ማርሽ የምትቀይር መስላ ትንቀጠቀጣለች፣ የቤንዚን ሞተር ድምፅ በስፒከር ታሰማለች። ፔዦም 208 ጂቲአይን በኤሌክትሪክ፣ በ280 ጉልበት እመልሳለሁ ብሏል። እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ ብሎኛል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ቤዛዊት ዳገት ላይ ከፍታ ነው የሚል ሰበብ የለም። መብራቱም ቢሆን የራሳችን የጣና ውሃ ነው፤ ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ነው። (መብራቱ ከጠፋ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ስፔሻል የሚባለው ነገር እዚያ የሚደበቀው ግን ሶፍትዌር ውስጥ ነው። ቮልስዋገን እንግሊዝ አገር በአይዲ.3 ላይ ያደረገውን እዩ። መኪናዋ ከ150 ወደ 170 ኪሎዋት የምትወጣበት አቅም አብሯት ተወልዷል፤ እንዲከፈትላችሁ ግን በየወሩ ትከፍላላችሁ፣ ወይም አንዴ ጠቅለል አድርጋችሁ። እንዲህ ያለች መኪና ነገ በሁለተኛ እጅ ባሕር ዳር ብትደርስ ክፍያው የተመዘገበው በማን ስም ነው? አፑ የሚከፈተው በማን ስልክ ቁጥር ነው? አሁን ከሚገቡት አንዳንዶቹ እንኳ ስክሪናቸው በቻይንኛ ብቻ ነው የሚያወራው።

ስለዚህ «ስፖርት ኤዲሽን ኤሌክትሪክ» የሚል ሻጭ ሲመጣባችሁ ተለጣፊውን ተውት። ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። ሞተሩ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ከተራዋ ሞዴል በምን ትለያለች? መልሱ «በቀለም» ከሆነ የቀለም ዋጋ ክፈሉ። ሙሉ ቻርጅ አስደርጋችሁ በዚያው ቻርጅ እስከ ጢስ አባይ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ 60 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ስንት ፐርሰንት እንደበላች እዩ። ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ እናንተም ብር የላችሁም።

እኔ በመጨረሻ ተራ ቪትዝ ገዛሁ። ኬኤስፒ90 ናት፣ ብርማ ቀለም፣ ምንም አልተለጠፈባትም። ቤዛዊት ዳገት ላይ ከነጯ ጋር እኩል ትሄዳለች። እንዴት አትሄድ፣ አንድ ሞተር ናቸው።

ትናንት ማታ ስልኬ ላይ የሽያጭ ማስታወቂያ መጣልኝ። ነጭ ቪትዝ፣ ጥቁር ቸርኬ፣ ከጎኗ ቀይ መስመር። አርኤሱ ተነቅሎ ጂአር የሚለው የቶዮታ ስፖርት ምልክት ተለጥፏል። «የመጨረሻው ኤዲሽን» ይላል። ዋጋዋ 100 ሺህ ጨምሯል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፤ የኋላ ታምቡሯ አሁንም ቀይ ነው።